መንጋጋዬ ታስሮ የከረመበት በጋ

መንጋጋው በሽቦ የታሰረ ሰው የሚከሳው የሚበላ አጥቶ አይደለም። እኔ ቀኑን ሙሉ ስጠጣ እየዋልኩ፣ ሆዴም እንደተነፋ፣ ሱሪዬ ከወገቤ ላይ ይወርድ ጀመር። መንጋጋቸው የተሰበረ ወይም ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ይህን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ከእነርሱ ይልቅ ግን ጓዳ ውስጥ ሆነው የሚያስታምሙ እናቶች፣ እህቶችና ሚስቶች ቢያነቡልኝ እመርጣለሁ፤ የታሰረ ሰው የሚድነውም የሚከሳውም በእነርሱ ማሰሮ ነው።

አደጋውን አላረዝመውም። ከአዘዞ ወደ ጎንደር ፒያሳ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገለበጠና የታችኛው መንጋጋዬ ተሰበረ። ሐኪሞቹ አጥንቱን በቀጭን ብረት (ፕሌት) እና በብሎን አያያዙት፤ ከዚያም የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሴን አጋጥመው በሽቦ አሰሩት። «አጥንቱ እስኪይዝ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አፍህ አይከፈትም፤ ምግብህ ሁሉ ፈሳሽ ይሁን» ተባልኩ። ከሆስፒታል ስንወጣ ስለ ምግብ የተነገረን ይኸው ብቻ ነበር። ፈሳሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብን።

ወቅቱ የታኅሣሥ መጨረሻ ስለነበር የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም። እናቴ ጾም የማታጎድል ሴት ናት፤ ወተትና ቅቤ የሚለውን ስትሰማ ዝም አለች፤ ለኔም አልሰጠችኝም፣ አልሰጥህምም አላለችኝም። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁኝ መጥተው ነገሩ ሲነሣ «የታመመ ሰው ጾም የለበትም፤ ሐኪም ያዘዘለትን ስጪው፤ ሲድን ይጾማል» ብለው ገላገሏት። ከዚያ በኋላ ለእኔ የሚሆን ቅቤ በሌላ ድስት ይነጠር ጀመር። ጾም የሚያሳስባችሁ ከሆናችሁ ይህን ጉዳይ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጨርሱት። ራሱን በጨርቅ የጠቀለለ ሕመምተኛ ጥርሱን ገጥሞ ከእናቱ ጋር ስለ ጾም ሊከራከር አይችልም፤ ሞክሬዋለሁ።

ጎንደር ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ የማኅበር ሰው፣ ሁሉም የሚጠጣ ይዞ ይመጣል። አንዱ የበግ አጥንት መረቅ፣ ሌላዋ የአጃ አጥሚት፣ ሌላዋ ደግሞ በሶ በማር። አጥንት የሚጠገነው በአጥንት መረቅ ነው የሚለውን ያልነገረኝ ሰው አልነበረም። ችግሩ ሁሉም በፍቅር ማቅጠናቸው ነበር። «እንዳያንቀው» እያሉ አጥሚቱን ውኃ፣ መረቁን የተጣራ ውኃ፣ በሶውን የደፈረሰ ውኃ አድርገውት ነው የሚያመጡት። እኔም ስለሚያልፍልኝ እጠጣ ነበር። ሆዴ ሞልቶ ያጓራል፤ ሌሊት ግን ርቦኝ እነቃለሁ። ስቆም ዓይኔ ይጨልማል።

ነገሩ የተለወጠው ለክትትል በሄድኩበት ቀን ነው። ሚዛን ላይ አወጡኝ። ክብደቴን የመዘገበችው ነርስ ቁጥሩን ከቀድሞው ጋር አስተያይታ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞረች። «እናቴ፣ ምን ምን እያጠጡት ነው?» እናቴ በኩራት ዘረዘረችላት። ነርሷም በትሕትና ሰምታ ስትጨርስ «ይህ ሁሉ እኮ ውኃ ነው» አለቻት።

ከዚያ ወረቀት አወጣችና አስላችልን። ቁስልና አጥንት የሚጠግን ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ72 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ። በወተት ብቻ እንሞላዋለን ካልን ቢያንስ 9 ብርጭቆ ሊጠጣ ነው። የተጣራ የአጥንት መረቅ ደግሞ ጣዕሙና ጨው ነው እንጂ ኃይል የሚሰጠው ጥቂት ነው። ከሥጋው የተለየ መረቅ ጠጥቶ ሥጋውን ለቤተሰብ መተው፣ አለች፣ ጥሩውን ለሌላ ሰጥቶ ማጠቢያውን መጠጣት ነው። እናቴ ይህ አነጋገር አልጣማትም፤ በመንገድ ላይ ግን ደጋግማ አነሣችው።

ያን ዕለት ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ። ለእኔ የሚሠራ ነገር በባዶ ውኃ አይሠራም፤ ቢያንስ ወተት ይገባበታል። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ውስጥ ፕሮቲን ያለው ነገርና ቅባት ይኖራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወይም ዘይት ከ100 ካሎሪ በላይ ስላለው፣ ብርጭቆው ሳይተልቅ ምግቡ ይተልቃል። ትልቅ ብርጭቆ በቀን ሦስት ጊዜ መጠጣት ቀርቶ ትንሽ በትንሹ በየ2 ሰዓቱ ሆነ። ስኳር ሕመም ያለባችሁ ግን እኔ ከምዘረዝረው ውስጥ ማርና ጣፋጩን ከሐኪማችሁ ጋር ሳትመክሩ አትንኩት።

አጥሚቱን እንዲህ ነበር የምትሠራው። የአጃውን ዱቄት በቀዝቃዛ ወተት ታሟሟና በዝግታ እሳት ላይ ጥሬው ሽታ እስኪጠፋ ታበስለዋለች። አጃ ሲበስል እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ሲበርድም ይበልጥ ስለሚረጋ፣ ከሚፈለገው ትንሽ ቀጠን ሲል ታወጣዋለች። ገና እየፈላ ሳለ የተመታ እንቁላል በቀጭኑ እያንጠባጠበች ታማስለዋለች፤ ከዚያም እንቁላሉ በደንብ እስኪበስል ትጠብቃለች። በመጨረሻ ቅቤና ማር ይጨመርና በወንፊት ይጠለላል። ጥሬ እንቁላል በጥሬ ወተት መትተህ ጠጣ፣ ጉልበት ይሆንሃል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። አትስሟቸው። ወተት ይፈላ፣ እንቁላል ይብሰል፤ አፉ የታሰረ ሰው ላይ የተቅማጥና የማስመለስ በሽታ መጨመር ቀልድ አይደለም።

ያልጠበቅነው ባለውለታ ሽሮ ሆነ። በርበሬ የሌለበት ነጭ ሽሮ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ቀጠን ተደርጎ ረጅም ጊዜ ሲንተከተክ ያለምንም ችግር ያልፋል፤ ሽምብራው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ከሁሉ በላይ ግን ምግብ ምግብ ይላል። ሳምንታት ሙሉ ጣፋጭ ብቻ ሲጠጣ የከረመ ሰው ጨው የነካው ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ያልደረሰበት አያውቀውም። በርበሬ ያለበት ሽሮ ግን ይቅርባችሁ፤ ስፌቱን ያቃጥላል፣ የበርበሬው ፍሬም ሽቦው ሥር ገብቶ አይወጣም። የቲማቲም ፍሬም እንደዚያው።

ሥጋ አስቸገረን። የበሬ ሥጋ ቢቀቀልም፣ ቢፈጭም ክሩ አይጠፋም፤ የምጠጣበትን ሲሪንጅ ይዘጋዋል። የዶሮ ደረት ከድንችና ከካሮት ጋር ተቀቅሎ ሲፈጭ ይሻላል። ከሁሉ የተሻለው ዓሣ ነው። የጣና ዓሣ ጎንደር በቀላሉ ይገኛል፤ አጥንቱ አንድ በአንድ ተለቅሞ ከወጣ በኋላ ከድንች ጋር ሲፈጭ ክር የለውም። አጥንቱን የምትለቅመው ዓይኗ ደህና የሆነ ሰው ትሁን። እህቴ ከእናቴ እጅ የተቀበለችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቂሙም ገና አልበረደም።

ወተት ለማይስማማቸው ወይም ጾማቸውን መያዝ ለቆረጡ ሰዎች ቅዳሜ ገበያ ውስጥ መድኃኒት አለ። ሱፍ ተፈጭቶ በሞቀ ውኃ ታሽቶ ሲጠለል ወተት የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ተልባም አለ። ከመተማና ከሁመራ በኩል የሚመጣው ሰሊጥ፣ ለውዝም ጭምር፣ ልሞ ከተፈጨ በአጥሚት ውስጥ ይሟሟል። አቮካዶ በወተትም ያለ ወተትም ይሄዳል። እነዚህ ቅባትም ፕሮቲንም ስላላቸው ጾመኛውንም አይጥሉትም። በሶ መጥፎ አይደለም፤ ግን ዱቄቱ ከታች ስለሚዘቅጥ ሁለት ጊዜ አጥልሉት፣ በውኃ ሳይሆን በሱፍ ወይም በለውዝ ወተት በጥብጡት።

ስለ መብራት አንድ ነገር ልበል። ጁስ መፍጫ ገዝታችሁ ተማምናችሁ አትቀመጡ። መብራቱ የሚጠፋው እናንተ በተራባችሁበት ሰዓት ነው። ሙቀጫና ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ከቤት አይጥፋ፤ ለውዙና ሰሊጡ መብራት ባለበት ጊዜ ተፈጭተው በዕቃ ይቀመጡ። የተሠራ ወተት ያለበት ምግብ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አታቆዩ፤ ነገ የሚጠጣውን ዛሬ ማዘጋጀት ፍሪጅ ላለው ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አጠጣጡ። ስትሮ መጠቀም ይፈቀድላችሁ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ለአንዳንዱ ይፈቀዳል፣ ቁስሉ አፍ ውስጥ ለሆነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከለከላል። እኔን የጠቀመኝ መርፌ የሌለው 50 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነበር፤ ጫፉ ላይ ለስላሳ ቱቦ ይሰካና በጉንጭና በጥርስ መካከል ወደ ኋላ ይገባል። ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ ትንሽ ክፍተት ስላለች ፈሳሹ በእርሷ በኩል ወደ ምላስ ይደርሳል። ተቀምጣችሁ፣ ቀስ ብላችሁ፣ በትንሽ በትንሹ ግፉት። ሌላ ሰው አያጠጣችሁ፤ የሚያጠጣው ሰው መቼ እንደምትውጡ አያውቅም።

የታችኛው ከንፈሬና አገጬ ደንዝዘው ነበር። በታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፈው የስሜት ነርቭ በስብራቱ ወይም በቀዶ ሕክምናው ሲነካ እንዲህ ይሆናል፤ በብዙ ሰው ላይ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይመለሳል። የደነዘዘ ከንፈር ግን ሙቀት አይነግራችሁም። አንድ ጠዋት ትኩስ ሽሮ በአገጬ ላይ ወርዶ ውኃ እስኪቋጥር አልታወቀኝም፤ የነገረችኝ እህቴ ናት። ለሕፃን ጡጦ እንደሚደረገው ሁሉ እጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሳትሞክሩ ምንም ነገር አትጠጡ። ቡናም ቢሆን ለብ ይበል። አዎን፣ ለብ ያለ ቡና አሳፋሪ ነገር ነው፤ ያልፋል።

ከሁሉ የፈራሁት ማስመለስን ነበር፤ እርሱም አልቀረልኝም። የጥምቀት ሰሞን ነው። ቤቱ ከገጠር በመጡ ዘመዶች ሞልቷል፤ ሁሉም ታቦቱን አጅቦ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርድ እኔ ቤት ቀረሁ። ማታ ሲመለሱ ጨዋታው ደስ ብሎኝ ቅቤ የበዛበት ሾርባ በፍጥነት ጨልጬ ወዲያው ጋደም አልኩ። ሌሊት አስመለሰኝ። አፉ የተዘጋ ሰው በዚያች ደቂቃ የሚያስበው ታፍኜ ልሞት ነው የሚለውን ብቻ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ አስቀድሞ አስተምሮኝ ስለነበር ተነሥቼ ወደ ፊት ጎነበስኩ፣ ራሴን ወደ መሬት ደፋሁ፤ ሆዴ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ብቻ በመሆኑ በጥርሴ መካከልና በአፍንጫዬ ወጣ። እናቴ ፒንሳውን ይዛ እየተንቀጠቀጠች ከጎኔ ቆማ ነበር። አላስፈለገም።

ስለ ፒንሳው እንዳትዘነጉ። ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ሌሊት ከራስጌያችሁ፣ ቀን ከኪሳችሁ አይለይ። ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የትኞቹ ሽቦዎች እንደሚቆረጡ፣ ማለትም የላዩን ከታቹ የሚያያይዙት የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለእናንተም ለሚያስታምማችሁም በመስታወት ያሳዩአችሁ። የሚቆረጠው መተንፈስ ሲያቅት ብቻ ነው፤ ከተቆረጠ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ከጠጣችሁ በኋላ ቶሎ አትጋደሙ፣ ስትተኙም ራስጌውን ከፍ አድርጉት። ጠጅና አረቄ ደግሞ «አንድ ጉንጭ ብቻ» ብሎ የሚለምናችሁ የአጎት ልጅ ቢኖርም አይሞከርም፤ ሰክሮ የሚያስመልስ ሰው ለመጎንበስ አይደርስም።

ሌላውን በአጭሩ። እያንዳንዱን ምግብ ተከትሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጣችሁ ተጉመጥመጡ፤ በሕፃን የጥርስ ብሩሽ ሽቦውን ከውጭ አጽዱ። ወተትና ማር ሽቦ ላይ ሲያድሩ ሽታውን እናንተ ባትሰሙትም ጠያቂ ይሰማዋል። ከንፈራችሁን ቫዝሊን ቀቡ። እንክብል ፈጭታችሁ ከመዋጣችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ መፈጨት የሌለበት አለ፣ በሽሮፕ መልክ የሚገኝም አለ። ሆድ ይደርቃል፤ ተልባ፣ የተጠለለ ፓፓያና ብዙ ውኃ ይረዳሉ። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ እብጠት፣ መግል፣ የላላ ሽቦ ወይም የጥርስ አገጣጠም መለወጥ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሽቦው የተፈታ ዕለት በቀጥታ ምግብ ቤት የምገባ መስሎኝ ነበር። አፌ የተከፈተው ግን አንድ ጣት ብቻ ለማስገባት ያህል ነው። ይህን ማንም ስላልነገረኝ ያልተሳካ ቀዶ ሕክምና መስሎኝ ደነገጥኩ። ጡንቻው ለሳምንታት ሳይንቀሳቀስ ስለቆየ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ሐኪሙ የምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደራርቤ በጥርሴ መካከል እንዳስገባ፣ በየጥቂት ቀኑ አንድ እንድጨምር አሳየኝ፤ ግቡ የራስን ሦስት ጣት ደራርቦ ማስገባት ነው። ሥራው ያሰለቻል፣ ይወጥራልም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን ስለምግቡ እንጂ ስለእንጨቱ አይጠይቃችሁም፤ ስለዚህ ራሳችሁ አስታውሱት።

የመጀመሪያው ጠላቴ ጉርሻ ሆነ። እንኳን ዳንክ ሊለኝ የመጣ ሁሉ ጉርሻ ጠቅልሎ ይዘረጋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው፣ መቀበል ደግሞ አይቻልም። እህቴ በየበሩ ቆማ «አንድ ጣት ነው የሚከፈተው» እያለች ስታስረዳ ከረመች። በሻይ ማንኪያ ነው የበላሁት፤ ያውም በትንሿ።

በዚህ ደረጃ «ለስላሳ» የሚለው ቃል ያታልላል። መለኪያው ምግቡ በምላስና በላንቃ መካከል ሲጫን መፍረሱ ነው። ገንፎ ይፈርሳል። በደንብ የበሰለ ቅንጬ፣ የተፈጨ ድንች፣ ለስለስ ያለ የእንቁላል ፍርፍር፣ አቮካዶ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ዓሣ ይፈርሳሉ። እንጀራ ግን አይፈርስም፤ ለስላሳ ነው ብለን የምናምነው ስላደግንበት ነው እንጂ ይለጠጣል፣ መታኘክም ይፈልጋል። በሽሮ ውስጥ ረጅም ሰዓት የራሰ ፍትፍት ሲሆን ብቻ በላሁት። ሩዝ ፍሬው ስፌት ውስጥ ይገባል። ዳቦ ከእነ ቅርፊቱ አይታሰብም።

ዐቢይ ጾም በዚሁ ጊዜ ገባ። 55 ቀን ነው፤ እናቴ ጠየቀችኝ፣ እኔም የንስሐ አባቴን ጠየቅኩ፤ ክብደቴ እስኪመለስ እንድቆይ ነገሩኝ። የሱፍ ፍትፍቱን ግን ስለጣመኝ ከጾመኞቹ ጋር አብሬ በልቼዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እንቁላሌን ዞር ብዬ እበላለሁ።

ማኘክ የተፈቀደልኝ ሐኪሙ የመንጋጋውን ራጅ አይቶ አጥንቱ መያዙን ካረጋገጠ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን በተራ። መጀመሪያ የዳቦ ውስጡ፣ ቀጥሎ እንጀራ በወጥ፣ ከዚያ በደንብ የበሰለ ሥጋ። ሕመሙ መጥፋቱን አይታችሁ ተራውን አትዝለሉ፤ ሕመም የሚጠፋው አጥንቱ ከመጠንከሩ በፊት ነው። ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ቆሎና ሸንኮራ አገዳው ከሁሉ መጨረሻ ናቸው፤ ለእኔ ሁለቱም ገና አልተፈቀዱልኝም።